ጥያቄውም ይፈተን፦ ስለ ምርጫ ጥያቄና ስለ ጤናችን

(በታልፒዮት፣ ኢየሩሳሌም ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)

 

እስከ ዛሬ በዚህ ስብሰባ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ልጆች ክትባት ተነጋግረናል። የዛሬው ርዕሳችን ግን በሽታ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ይኸውም ነርሶችና ሐኪሞች የሚፈተኑበት፣ ልጆቻችን በየትምህርት ቤቱ የሚያገኙት፣ እናንተም ከጤና ትምህርት በኋላ በወረቀት የምትሞሉት የምርጫ ጥያቄ ነው። «ይህ የተማሪ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጥያቄ በትክክል ካልተዘጋጀ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል በራሳችን ሥራ አይተናል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንንገራችሁ።

የእኛው ስህተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአረጋውያን ስለ ስኳር በሽታ ትምህርት ሰጠን። በመጨረሻም ትምህርቱ መግባቱን ለማወቅ 10 ጥያቄ ያለው ወረቀት አደልን። ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብለን አነበብንላቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል 9 ወይም 10 አገኙ። እኛም ደስ አለን፤ «ትምህርቱ ገብቷል» ብለን ጻፍን።

ብዙም ሳይቆይ፣ 10 ከ10 ያገኙ አንድ አባት ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ተወግተው ለቅሶ ቤት ሄዱ። እህል ሳይቀምሱም ቆዩ። ወደ ቀትር ላይ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸውም ተምታታ። አጠገባቸው የነበሩት ዘመዶች ስኳር የበዛበት ሻይ ሊሰጧቸው ሲሉ፣ እርሳቸው ራሳቸው «ስኳር አለብኝ፤ ስኳር አልነካም» ብለው እምቢ አሉ። ደግነቱ ከለቅሶተኞቹ መካከል ነርስ የሆነች የጎረቤት ልጅ ነበረችና ለምና ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ አጠጣቻቸው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተሻላቸው።

ቆይተን ልንጠይቃቸው ስንሄድ፣ «አባባ፣ በወረቀቱ ላይ እኮ በትክክል መልሰው ነበር» አልናቸው። እርሳቸውም ሳቅ ብለው «ልጆቼ፣ እኔ ረጅሙን ነው የመረጥሁት» አሉን።

ወረቀቱን አውጥተን ስናየው እውነታቸውን ነው። ትክክለኛውን መልስ ሁሉን እንዲያሟላ ብለን በዝርዝር ስለጻፍነው ሁለት መስመር ሆኗል። የተሳሳቱት መልሶች ግን ሦስት ሦስት ቃል ብቻ ነበሩ። ፈተናው የለካው ስለ ስኳር መውረድ ያላቸውን እውቀት ሳይሆን የእኛን አጻጻፍ የማስተዋል ችሎታቸውን ነው። በዚያ ፈተና የወደቅነው እኛ ነን።

የምርጫ ጥያቄ ከየት መጣ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የተማሩት «ምርጫ» የሚሉትን እዚህ አገር «ሚቭሃን አሜሪካኢ»፣ ማለትም የአሜሪካ ፈተና ይሉታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። በ1914 በአሜሪካ ፍሬደሪክ ኬሊ የሚባል የትምህርት ሰው፣ መምህራን የሚሰጡት ነጥብ ምን ያህል እንደሚለያይ አጠና። አንዱ መምህር ጥሩ ያለውን ሥራ ሌላው ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያም በካንሳስ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ያለው የንባብ ፈተና አዘጋጀ። በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የጦር ሠራዊቱ ይህን ዓይነት ፈተና ተቀብሎ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ወታደሮችን ፈተነበት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ የሐኪሞች ብሔራዊ የፈተና ቦርድ በድርሰት መፈተኑን ትቶ ወደ ምርጫ ጥያቄ ዞረ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ።

ዛሬ በእስራኤል የነርስነት ትምህርቱን የጨረሰ ሰው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርን የመንግሥት ፈተና ካላለፈ ፈቃድ አያገኝም። ያም ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያም ከ2019 ጀምሮ የጤና ሙያ ተመራቂዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የፈቃድ ፈተና ይወስዳሉ። እንግዲህ በኩፓት ሆሊም ደማችሁን የምትቀዳው ነርስ እዚያ የደረሰችው በእነዚህ ጥያቄዎች አልፋ ነው።

ይህ ፈተና ትልቅ ጥቅም አለው። አራሚው ስምህን አያይም፣ የቆዳህን ቀለም አያይም፣ የእጅ ጽሕፈትህን አያይም፣ ዕብራይስጥ ስትናገር ያለህን ድምፅ አይሰማም። ለእኛ ማኅበረሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱም አለ። ማሽኑ ተማሪው ያጠፋው ባለማወቅ ይሁን በአንዲት የዕብራይስጥ ቃል ተሰናክሎ አይለይም። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚወሰነው ጥያቄውን በጻፈው ሰው ጥንቃቄ ነው።

አንዲት ቃል ስታሰናክል

እኛ የነርስነት ትምህርት ስንማር ከማኅበረሰባችን ሦስት ሆነን ሌሊት ሌሊት አብረን እናጠና ነበር። ሦስታችንም በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በልጅነታችን የመጣን ነን። አንድ ጊዜ ስለ ልብ ድካም መድኃኒቶች ፈተና ነበር። ትምህርቱን አንዱ ለሌላው እስኪያስረዳ ድረስ አጥንተነዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ «የሚከተሉት ሁሉ ትክክል ናቸው፣ ፕራት ለ...» የሚል ነበር። «ፕራት ለ» ማለት «ከዚህ በስተቀር» ማለት ነው። ሁለታችን ያችን ቃል ዘለልናት። የመጀመሪያውን መልስ አየን፤ ትክክል ነው፤ ከበብነው። ከመካከላችን አንዷ በሁለት ነጥብ ወድቃ ፈተናውን እንደገና ወሰደች። ስለ መድኃኒቱ አራቱንም ነጥብ ግን በቃሏ ታውቅ ነበር።

በአማርኛማ ነገሩ ይብሳል። «ትክክል የሆነው» እና «ትክክል ያልሆነው» የሚለዩት በቃሉ መሐል በተሰነቀረች «ያል» ብቻ ነው። ዓይን ቶሎ ያልፋታል፤ ጆሮም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄ አዘጋጆች የሚማሩት አንድ ደንብ አለ፦ በአሉታ አትጠይቅ። የግድ ከሆነ ቃሏን አድምቃት፣ ከሥሯም አስምርባት።

ጥሩ ጥያቄ እንዴት ይሠራል?

ከዚያ ስህተታችን በኋላ የሕክምና መምህራን የሚጠቀሙባቸውን ደንቦች ተምረን ወረቀቶቻችንን አስተካከልን። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. መልሶቹን በእጅ ሸፍኖ መሞከር። ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን ብቻ አንብቦ መልሱን መናገር መቻል አለበት። መልሶቹን ሳያይ ምን እንደተጠየቀ ካልገባው ጥያቄው አልተሟላም።

2ኛ. የመልሶቹን ርዝመት ማመጣጠን። ትክክለኛው ረጅም፣ ስህተቱ አጭር ከሆነ መልሱ ተነገረ ማለት ነው።

3ኛ. «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል ምርጫ አለመጨመር። ሁለቱ ትክክል መሆናቸውን ያወቀ ሰው ሦስተኛውን ሳያውቀው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። «ሁልጊዜ» ወይም «በፍጹም» የሚል ቃል ያለበት መልስም ብዙውን ጊዜ ስህተት ስለሚሆን ብልጥ ተማሪ ሳያነብ ይጥለዋል።

4ኛ. የተሳሳቱትን መልሶች ሰዎች በእውነት ከሚሳሳቱት መውሰድ። ማንም የማይመርጠው መልስ ወረቀት ከማበላሸት በቀር ሥራ የለውም። በ2005 የ80 ዓመት ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። እርሱም አንድ ትክክለኛና ሁለት የተሳሳቱ፣ በጠቅላላው ሦስት ምርጫ በቂ መሆኑን አሳይቷል። «ሦስት ከሆነ በግምት ያልፋሉ» ብሎ መፍራት አያስፈልግም። 30 ጥያቄ ያለ ምንም እውቀት በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው በአማካይ 10 ያህል ያገኛል፤ ይህ ደግሞ አያሳልፍም።

5ኛ. ከትርጉም ይልቅ ስለ ሰው መጠየቅ። «ሃይፖግሊሰሚያ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ቃል የሸመደደን ሰው ያሳልፋል። እኛ አሁን የምንጠይቀው እንዲህ ነው፦

«አንድ የ62 ዓመት አባት ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው ምግብ ሳይበሉ ቆዩ። አሁን ላብ አጥምቋቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ነገር ግን ይሰማሉ፣ መዋጥም ይችላሉ። መጀመሪያ ምን ይደረግ?
ሀ. ተጨማሪ ኢንሱሊን ይወጉ
ለ. ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ይጠጡ
ሐ. ተኝተው እስኪሻላቸው ይረፉ»

እዚህ ላይ ሦስቱም መልስ እኩል ነው። «ሀ»ን የሚመርጥ «ስኳር በሽታ ሲነሳ መድኃኒቱ ኢንሱሊን ነው» ብሎ የሚያስብ ነው። «ሐ»ን የሚመርጥ ደግሞ ድካም መስሎት ነው። ስለዚህ ስህተቱ ራሱ ምን ማስተማር እንዳለብን ይነግረናል። ትክክለኛው «ለ» ነው። ስኳር ሲወርድ፣ የስኳር በሽታ ያለበትም ሰው ቢሆን፣ ጭማቂ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ወዲያውኑ ይጠጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገምለታል፤ ሲሻለውም ምግብ ይበላል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ነገር አይሰጠውም፤ ወዲያውኑ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ይደወላል። ይህን ዛሬ ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ ሲተረጎም

ብዙ የጤና መጠይቆች የሚጻፉት በዕብራይስጥ ነው፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ይተረጎማሉ። በዚህም ብዙ ነገር ይሳሳታል። ሦስት ምሳሌ እንስጥ።

የመጀመሪያው «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ነው። ብዙ ሰው ካንሰርን ነቀርሳ ይላል። «የሳንባ ነቀርሳ» ደግሞ ሳል የሚያመጣውና በትንፋሽ የሚተላለፈው ቲቢ ነው። «በቤተሰብህ ነቀርሳ የታመመ አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንዱ ስለ ካንሰር ሌላው ስለ ቲቢ ይመልሳል። ሐኪሙ የሚያነበው ግን አንድ «አዎ» ነው። ሁለቱ በሽታዎች በምርመራም በሕክምናም አይገናኙም። ስለዚህ እኛ አሁን «ካንሰር» እና «ቲቢ» ብለን ለይተን እንጽፋለን።

ሁለተኛው «ልብ» ነው። እናቶቻችን «ልቤን አቃጠለኝ» ሲሉ አንዳንዴ የጨጓራ ሕመም፣ አንዳንዴ የደረት ሕመም፣ አንዳንዴም ሐዘን ነው። ይህን የማያውቅ ነርስ አንዱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ለነርስ ተማሪዎች መቅረብ ያለበት ጥያቄ «አንዲት አረጋዊት ልቤን አቃጠለኝ አሉ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ነው። መልሱም ሕመሙ የት እንደሆነ በእጃቸው እንዲያሳዩ መጠየቅ፣ መቼ እንደጀመረ ማጣራትና የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ መመርመር ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከማኅበረሰባችን ያልሆነውንም ነርስ ያስተምራል።

ሦስተኛው የጽሕፈት አቅጣጫ ነው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ። አንድ ጊዜ በዕብራይስጥ ወረቀት ላይ የአማርኛውን ጽሑፍ ተክተን ሣጥኖቹን ግን በቦታቸው ተውናቸው። በአንድ መስመር ሁለት መልስ ስለነበረ አንባቢው የትኛው ሣጥን ለየትኛው መልስ እንደሆነ ግራ ገባው። ብዙ ሰው ጎን ያለውን ሣጥን ሞላ። ወረቀቱን በሙሉ ጥለን እንደገና ጀመርን።

ለአዲስ ነገር ቃል ማግኘት ከባድ ሥራ ነው። እዚሁ ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ጎዳና ይኖር የነበረው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ለዕብራይስጥ አዳዲስ ቃላት በመፈለግና መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ዕድሜውን ጨርሷል። እኛም ለጤና የሚሆን አማርኛ በጥንቃቄ ልንፈልግ ይገባል።

ጥያቄው ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጤፍ ስትነፉ ወንፊቱ ዱቄቱን አሳልፎ ገለባውን ካስቀረ ጥሩ ነው። ወንፊቱ ከተቀደደ ሁሉም ያልፋል፤ ከተደፈነ ደግሞ ምንም አያልፍም። ጥያቄም እንዲሁ ነው። ከፈተና በኋላ አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ነገር ይቆጥራሉ። አንደኛ፣ ከ100 ተማሪ ስንቱ በትክክል መለሰ? ሁለተኛ፣ በትክክል የመለሱት በጠቅላላው ፈተና ጎበዝ የሆኑት ናቸው ወይስ ደካሞቹ? ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ ካገኙት ጥፋቱ ከተማሪው ሳይሆን ከጥያቄው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ይመረመራል፤ ጉድለት ከተገኘበትም ከነጥቡ ይወጣል።

ወረቀት ግን ሁሉን ነገር አይለካም። መርፌ የሚወጋ እጅ፣ የታመመን የሚያጽናና አንደበት በምርጫ ጥያቄ አይታወቅም። ለዚህ ነው በ1975 በስኮትላንድ፣ በዳንዲ፣ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቻቸው ሌላ ዓይነት ፈተና በጽሑፍ ያስተዋወቁት። ተማሪው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየሄደ በአንዱ የደም ግፊት ይለካል፣ በሌላው በሽተኛ ያነጋግራል፤ መምህሩም ቆሞ ያያል። ዛሬ ይህ በብዙ አገር ከምርጫ ጥያቄው ጎን ይሰጣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ልጃችሁ ለፈተና ሲያጠና መርዳት ትችላላችሁ፤ ዕብራይስጥ ባታነቡም እንኳን። «ያጠናኸውን በአማርኛ ንገረኝ» በሉት። ለአያቱ ማስረዳት የቻለ ልጅ ትምህርቱ ገብቶታል። ቋንቋው ካነሰው በእጁም በሥዕልም ያሳያችሁ። ጥያቄ ሲሠራ መልሶቹን በእጁ ሸፍኖ መጀመሪያ ራሱ እንዲመልስ ንገሩት። እንደ «ፕራት ለ» እና «ሎ» ያሉ ቃላትን እንዲከብባቸው አሳስቡት። ለስህተት ነጥብ በማይቀነስበት ፈተና፣ ለምሳሌ በፕሲኮሜትሪ፣ ባዶ ትቶ መውጣት ጥቅም የለውም። ይህ ማታለል አይደለም፤ የፈተናውን ደንብ ማወቅ ነው። ልጁ ቢወድቅም «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ወረቀቱን አብራችሁ እዩት። ትምህርቱን ነው ወይስ ቃሉን ያጣው? መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

ሽማግሌዎችንስ ምን እንለምናለን?

አባቶችና እናቶች፣ እናንተ ሰው አክባሪዎች ናችሁ። ሐኪሙ ወይም ነርሷ «ገባችሁ?» ስትል «አዎ፣ ገብቶናል፤ ይስጥልን» ትላላችሁ። ይህ መልካም ጠባይ ነው፤ በመድኃኒት ጉዳይ ግን ይጎዳል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

በመጀመሪያ፣ ወረቀት ሲሰጣችሁ ካልገባችሁ «አንብቡልኝ፣ በአማርኛ ንገሩኝ» በሉ። ማንም ሊቆጣችሁ አይገባም። ሁለተኛ፣ «አላውቅም» ማለትን አትፈሩ። በአሁኑ ወረቀታችን ላይ «አላውቅም» የሚል መልስ ጨምረናል። «አላውቅም» ያለን ሰው ልናስተምረው እንችላለን፤ ገምቶ ያገኘውን ግን የሚያውቅ መስሎን እናልፈዋለን። ሦስተኛ፣ ከክሊኒክ ከመውጣታችሁ በፊት መድኃኒቱን እንዴት እንደምትወስዱ እናንተው መልሳችሁ ለነርሷ ንገሯት። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ» ብላችሁ ስትናገሩ ስህተት ካለ እዚያው ይታረማል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። አዲስ የጤና ወረቀት ከማደላችን በፊት ከእናንተ አራት አምስት ሰዎች ጋር ቁጭ ብለን ማንበብ ጀምረናል። ያ ለቅሶ ቤት የታመሙት አባትም አብረውን ይቀመጣሉ። እያንዳንዱን ጥያቄ ስናነብላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁን «ረጅሙ የትኛው ነው?» ብለው ነው። ሁሉም እኩል ሲሆኑ «እንግዲህ ማሰብ ሊያስፈልገኝ ነው» ይላሉ። እኛም የምንፈልገው ይህን ነው።

ጥያቄ የምናቀርብላችሁ ልናሳፍራችሁ አይደለም። ያስተማርነው ደርሶ እንደሆነ እንድናውቅ ነው፤ ካልደረሰ ጥፋቱ መጀመሪያ የእኛ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት በመውጫው ጠረጴዛ ላይ ያለውን አዲሱን ወረቀት ውሰዱ። ማንበብ የማትችሉ ከእኛ አንዱን ጥሩ። ያልገባችሁን ቃል ሁሉ አስምሩበት ወይም ንገሩን። የእናንተ እርማት ለቀጣዩ ሰው መድኃኒት ይሆናል።